አንድ በር ያለው አገር፦ ኢንተርኔት መንገዱን እንዴት ያገኛል? በሩንስ ማን ይዘጋዋል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በጊዜው ሳልመልሰው የቀረሁት አንድ ጥያቄ ነው። ጊዜው ጁላይ 2020 ነበር። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ጁን 30 ቀን፣ በመላ ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ተቋርጧል። እኛ ደግሞ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ ከሚገኝ አንድ ካፌ ደጃፍ፣ በኮቪድ ምክንያት ወንበሮቻችንን አራርቀን ተቀምጠናል። የሁላችንም ዓይን ስልካችን ላይ ነው። አንዱ እናቱን፣ አንዷ ልጇን፣ ሌላው ወንድሙን ይጠብቃል። ቫይበር ዝም፣ ዋትስአፕ ዝም፣ ቴሌግራም ዝም። ጭንቀት ሲበዛ ክርክር ይወለዳልና ክርክሩ ተጀመረ። አንደኛው "ሳተላይቱን ዘግተውት ነው" አለ። ሁለተኛው "ኢንተርኔት የአሜሪካ አይደለም እንዴ? ዋይት ሐውስ ፊት ሰልፍ እንውጣና ከዚህ ያስከፍቱልን" አለ። ሦስተኛው ኬብሉ ባሕር ውስጥ ተቆርጦ ይሆናል ብሎ ድርቅ አለ። በመጨረሻ ከአሌክሳንድሪያ የመጡ፣ ብዙ ዘመን ታክሲ ሲነዱ የኖሩ አንድ አዛውንት ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "አንተ ልጅ ሥራህ በዚሁ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እስቲ ንገረን፤ ማጥፊያው የት ነው ያለው? ማንስ ነው የያዘው?" አሉኝ።

እኔም "ጋሼ፣ ነገሩ ረጅም ነው፤ ሌላ ቀን አጫውትዎታለሁ" ብዬ አለፍኩት። ጁላይ 23 ቀን ገደማ ኢንተርኔቱ ተመለሰ፤ የጋሼ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ትግራይም፣ የአማራ ክልልም ተራቸው ደርሶ ሲዘጋባቸው፣ እኛ በየሰልፉና በየፊርማ ማሰባሰቢያው "ኢንተርኔት ይከፈት!" እያልን ጮኸናል። መጮኹ ተገቢ ነው። ነገር ግን ምን እንደ ተዘጋ፣ በየት በኩል እንደ ተዘጋ፣ ዳግመኛ እንዳይዘጋስ ምን መጠየቅ እንዳለብን ሳናውቅ ስንጮህ ጩኸታችን የቁራ ጩኸት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዘግይቼም ቢሆን፣ በቴክኒክ ቃላት ሳላደናግር፣ ለጋሼ ጥያቄ የምችለውን ያህል ልመልስ።

"ራስ ገዝ" የሚለው ቃል

"ራስ ገዝ" ሲባል የእኔ ትውልድ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ፖለቲካው ነው። በ1987 ኢሕዲሪ ሲመሠረት ኤርትራ፣ ትግራይ፣ አሰብ፣ ድሬዳዋና ኦጋዴን ራስ ገዝ ተብለው ነበር። ስሙ ተሰጠ እንጂ ትእዛዙ ከአዲስ አበባ መውረዱን አላቆመም።

በኢንተርኔት ዓለም ግን ቃሉ ቁርጥ ያለ ትርጉም አለው። ራስ ገዝ ኔትወርክ ማለት በአንድ አስተዳደር ሥር ያለ፣ መልእክቱን በየት በኩል እንደሚልክና ከየትኛው ጎረቤት እንደሚቀበል ራሱ የሚወስን፣ ለዚህም የራሱ መለያ ቁጥር የተሰጠው መረብ ነው። የቬራይዘን ቁጥር 701 ነው። የኮምካስት 7922፣ የጉግል 15169፣ የፌስቡክ 32934 ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር ደግሞ 24757 ነው። ዩኒቨርሲቲም፣ ባንክም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም የራሱ ቁጥር ሊኖረው ይችላል። ዛሬ በዓለም ላይ እርስ በርስ የሚተዋወቁ እንዲህ ያሉ ራስ ገዞች ከ70 ሺህ በላይ ናቸው። ቁጥሩን የሚያድሉት አምስት አህጉራዊ መዝጋቢዎች ናቸው። የአፍሪካው አፍሪኒክ በሞሪሸስ ይገኛል፤ የሰሜን አሜሪካው አሪን ደግሞ እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። መዝጋቢዎቹ ቁጥር ይሰጣሉ እንጂ ማን ከማን ጋር ይገናኝ፣ መልእክት በየት ይለፍ ብለው አያዙም።

እንግዲህ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፦ "ኢንተርኔት" የሚባል ኩባንያ የለም፤ ዋና መሥሪያ ቤት የለውም፤ ሊቀ መንበር የለውም። ያለው በየሁለቱ ተስማምተው የተያያዙ የብዙ ሺህ ራስ ገዞች ጉርብትና ነው። ካፌው ደጃፍ ላይ "አሜሪካኖቹ ከዚህ ይክፈቱልን" ያለው ወዳጄ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዋይት ሐውስ የ24757ን በር የሚከፍትበት ቁልፍ የለውም።

ታክሲ ነጂ የሚያውቀው ሕግ

ለመሆኑ ጉርብትናው እንዴት ይሠራል? ምሳሌውን ከደጃችን ልውሰድ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው ቬራይዘን ይጠቀማል እንበል፤ አሌክሳንድሪያ ያለ ወዳጁ ደግሞ ኮምካስት። ሁለቱ በቀጥታ በቪዲዮ ቢነጋገሩ፣ ድምፃቸውና ምስላቸው በትናንሽ እሽግ እየተከፋፈለ ይጓዛል። በመኪና ከሆነ ቤልትዌዩን ይዞ ዉድሮው ዊልሰን ድልድይን መሻገር ነው። እሽጉ ግን በዚያ አይሄድም። 701 እና 7922 እጅ ለእጅ የሚቀባበሉበት ቦታ መድረስ አለበት። በዚህ አካባቢ ትልቁ መገናኛ ያለው ወደ ምዕራብ ርቆ፣ በላውደን ካውንቲ አሽበርን ነው። ስለዚህ እሽጉ ብዙውን ጊዜ ወደ አሽበርን ሄዶ፣ እዚያ ጌታ ቀይሮ ወደ አሌክሳንድሪያ ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚፈጀው ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ነው።

ማን የማንን እሽግ ይሸከማል የሚለውን ጋሼ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ታክሲ ነድተዋላ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ታክሲ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ጭኖ አሌክሳንድሪያ ድረስ ማድረስ ይችላል። እዚያ ካደረሰ በኋላ ግን ከአንዱ የአሌክሳንድሪያ ሠፈር ወደ ሌላው የአሌክሳንድሪያ ሠፈር መጫን አይፈቀድለትም፤ ፈቃዱ የዚያ አይደለምና። ራስ ገዞችም እንዲሁ ናቸው። ሁለት ተመጣጣኝ ኔትወርኮች ጎረቤት ሲሆኑ ስምምነታቸው "የእኔን ደንበኛ እሽግ ወደ አንተ ደንበኛ አደርሳለሁ፤ አንተም እንዲሁ አድርግ፤ ገንዘብ አንጠያየቅም፤ ነገር ግን በእኔ ላይ ተረማምደህ ወደ ሦስተኛ ሰው አትለፍ" የሚል ነው። ወደ ዓለሙ ሁሉ መድረስ የሚፈልግ ትንሽ ኔትወርክ ግን ትልቁን እየከፈለ ነው የሚያልፈው። ያኔ ነገሩ ኮንትራት ታክሲ ይሆናል ማለት ነው፤ የተከፈለው አሻጋሪ ወደ ተባለው ሁሉ ያደርሳል።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ እንበል። እሽግ የሚሄደው አጭር በሆነው መንገድ አይደለም፤ ውል ባለበት መንገድ ነው። ኔትወርኩ ምርጫ ሲያጋጥመው መጀመሪያ ገንዘብ በሚያመጣለት ደንበኛ በኩል፣ ቀጥሎ በነጻ ጎረቤት በኩል፣ መጨረሻ ላይ ራሱ በሚከፍለው አሻጋሪ በኩል መላክን ይመርጣል። እኩል ሲሆኑበት ነው የመንገዱን እጥረትና ርዝመት የሚያወዳድረው።

ካርታ የሌለው መንገደኛ

መንገዱን የሚያሳየውስ ማነው? ብዙ ሰው እንደ ጂፒኤስ ሙሉ ካርታ ያለው ኮምፒዩተር አንድ ቦታ ተቀምጦ የሚመራ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ይበልጥ የሚመስለው አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ፍለጋን ነው። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም ይዞ የሚሄድ የለም። ፒያሳ ላይ ቆመህ ስትጠይቅ "ወደ ስድስት ኪሎ ውጣና እዚያ ጠይቅ" ትባላለህ። ስድስት ኪሎ ስትደርስ "ሽንጥህን ይዘህ ወደ ሽሮ ሜዳ" ይልሃል ሌላው። ሙሉ ካርታውን የያዘ አንድም ሰው የለም፤ ግን ትደርሳለህ።

ራስ ገዞች ይህን "እዚያ ሂድና ጠይቅ" የሚባባሉበት ቋንቋ ቦርደር ጌትዌይ ፕሮቶኮል፣ ባጭሩ ቢ.ጂ.ፒ. ይባላል። በ1989 የሲስኮው ከርክ ላውሂድና የአይ.ቢ.ኤሙ ያኮቭ ሬክተር በአንድ ስብሰባ የምግብ ሰዓት ላይ በናፕኪን ጫር ጫር አድርገው ጀመሩት። ለጊዜው ያስተነፍሳል ተብሎ የታሰበው ነገር፣ እየታደሰ፣ ዛሬም የዓለምን ኢንተርኔት ይዞ ቆሟል።

አሠራሩ በአዋጅ ነው። 24757 ለጎረቤቱ፣ ለምሳሌ ለጅቡቲ ቴሌኮም፣ "እነዚህ አድራሻዎች በእኔ ዘንድ ይገኛሉ" ብሎ ያውጃል። የጅቡቲው ኔትወርክ የራሱን ቁጥር 30990ን ከፊት ጨምሮ ለሚቀጥለው ጎረቤት ይነግራል፤ ያም የራሱን ጨምሮ ለሚቀጥለው። አዋጁ እየተቀባበለ አሽበርን ሲደርስ የቁጥሮች ሰንሰለት ይሆናል። አሽበርን ያለው ራውተር ኢትዮጵያ በየት በኩል እንደምትገኝ ሰንሰለቱን አይቶ ያውቃል፤ የራሱን ቁጥር በሰንሰለቱ ውስጥ ካገኘ ደግሞ ነገሩ ዙሪያ ጥምጥም መሆኑ ይገባውና ይጥለዋል። ሁለት አዋጆች ሲጋጩ ጠበብ ያለው አድራሻ ሰፋ ያለውን ያሸንፋል። አንዱ "ወረዳው በሙሉ በእኔ በኩል ነው" ቢልና ሌላው "ይህች ቀበሌ በእኔ በኩል ናት" ቢል፣ ለቀበሌዋ የተላከው ለሁለተኛው ይሰጣል። አዋጅ ያወጀ ደግሞ አዋጁን መሻር ይችላል። ሲሻር የዓለም ራውተሮች በደቂቃዎች ውስጥ ያንን መንገድ ከመዝገባቸው ይፍቁታል። ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ በራሱ ስህተት ከዓለም ፊት ስድስት ሰዓት ያህል የጠፋው እንዲህ ነው፤ የስም መዝገቦቹ ያሉበትን አድራሻ አዋጅ የራሱ ኔትወርክ ሻረው።

ፓርኪንግ ውስጥ የነበረው የዓለም መስቀለኛ መንገድ

ውል ያላቸው ኔትወርኮች ሽቦአቸውን የሚያገናኙበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል። እዚህ ላይ የምንኖርበት አካባቢ ታሪክ አለው። በ1992 በሰሜን ቨርጂኒያ የነበሩ ጥቂት ኩባንያዎች ተስማምተው ሜይ ኢስት የሚባል መገናኛ አቋቋሙ። በ1995 የአሜሪካ መንግሥት ይደጉመው የነበረው የኤን.ኤስ.ኤፍ. ዋና መስመር ሲዘጋና ኢንተርኔት ለንግዱ ዓለም ሲለቀቅ፣ ሜይ ኢስት ዋና መስቀለኛ መንገድ ሆኖ ነበር። ቦታው የት እንደ ነበር ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ከቤልትዌዩ አጠገብ፣ ታይሰንስ ኮርነር፣ ቡን ቡለቫርድ ላይ ባለ ሕንፃ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ስንቶቻችን ነን በዚህ ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ፣ በጠባብ ዳስ ተቀምጠን፣ መጽሐፍ ዘርግተን ሌሊቱን ያነጋን! በእነዚያው ዓመታት ከእንዲህ ያለ ፓርኪንግ ግድግዳ ጀርባ የዓለም መልእክት ያልፍ ነበር። ኋላ መገናኛው እየሰፋ ወደ አሽበርን ሄደ፤ ዛሬ እዚያ በዳታ ሴንተሮቹ ውስጥ የሚሠሩ ልጆቻችን ጥቂት አይደሉም።

ይህ ለአፍሪካ ምን ማለት ነበር? አገር ውስጥ መገናኛ ከሌለ፣ አንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ሁለት ኔትወርኮች የሚገናኙት ሁለቱም በሚከፍሉት የሩቅ አሻጋሪ ዘንድ ነው። ናይሮቢ ያለ ሰው መንገድ ተሻግሮ ላለ ጎረቤቱ የላከው ኢሜይል 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ሽቅብ ወደ ሳተላይት ወጥቶ፣ ባሕር ማዶ ወርዶ፣ ደግሞ ሽቅብ ወጥቶ ይመለስ ነበር። ለዚህ ምልልስ የአፍሪካው ደንበኛ በዶላር ይከፍላል። ኬንያውያን በኖቬምበር 2000 ይህን ለመቅረፍ ኪክስፕ የሚባል የራሳቸውን መገናኛ ናይሮቢ ላይ ከፈቱ። የመንግሥቱ ቴልኮም ኬንያ ብቻዬን የተፈቀደልኝን መብት ይነካል ብሎ አቤት አለ፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ፈቃድ የላችሁም ብሎ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዘጋው። ኬንያውያኑ አንድ ዓመት ያህል ተሟግተው፣ ፈቃድ አስወጥተው፣ ፌብሩዋሪ 2002 እንደገና ከፈቱት። ከአንድ ሰከንድ በላይ ይፈጅ የነበረው የናይሮቢ ለናይሮቢ ምልልስ ከመቶ ሚሊ ሰከንድ በታች ወረደ። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" ማለት ይህ ነው። ልብ በሉ፦ ኬንያውያንን የያዛቸው የመሣሪያ እጥረት ሳይሆን ፈቃድ ነበር።

መተማመን ሲጎድል

ይህ በአዋጅ የሚሠራ ሥርዓት ትልቅ ድክመት አለው፤ የሰማውን ያምናል። አፕሪል 25 ቀን 1997 እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ የነበረ፣ ቁጥሩ 7007 የሆነ ትንሽ ኔትወርክ በራውተሩ ስህተት ምክንያት "የዓለም አድራሻ ሁሉ በእኔ በኩል ነው" የሚል አዋጅ አሰማ። አዋጆቹ የተቆራረሱና ጠባብ ስለነበሩ እውነተኞቹን አሸነፉ። የዓለም ኢንተርኔት ትልቅ ክፍል ወደዚያች ትንሽ ኔትወርክ ጎረፈና ለሰዓታት ተደናቀፈ።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 የፓኪስታን መንግሥት ዩቲዩብ በአገሩ እንዳይታይ አዘዘ። ፓኪስታን ቴሌኮም ትእዛዙን ለመፈጸም የዩቲዩብን አድራሻ ጠበብ አድርጎ "በእኔ ዘንድ ነው" ብሎ አወጀ፤ ዓላማው የመጣውን እሽግ ሁሉ ገደል መክተት ነበር። አዋጁ ግን ከአገሩ ሾልኮ በአሻጋሪው በፒ.ሲ.ሲ.ደብሊው በኩል ለዓለም ተዳረሰ። ሁለት ሰዓት ያህል የብዙ አገር ሰው ዩቲዩብን ማየት አቃተው። ዩቲዩብም ይበልጥ የጠበበ አዋጅ እያወጀ መታገል ያዘ፤ በመጨረሻ አሻጋሪው የሐሰቱን አዋጅ ሲያቋርጥ ነገሩ በረደ። ለገዛ ዜጋ የተሠራ አጥር የጎረቤትንም ቤት እንደሚያፈርስ በዚያን ቀን ታየ። ዛሬ ለዚህ ችግር መድኃኒት ተጀምሯል። የአድራሻ ባለቤቶች አዋጃቸውን በምስክር ወረቀት ያጸናሉ፤ ከ2024 ወዲህ በዓለም መዝገብ ካሉት መንገዶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዲህ ያለ ምስክር አላቸው።

አንድ በር

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ኢትዮጵያ ኢንተርኔት የጀመረችው በ1997 በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አማካይነት ነው። በ2010 መጨረሻ ድርጅቱ ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ባሕር በር ስለሌለን መስመሩ በጅቡቲ፣ በሱዳንና በኬንያ በኩል ይወጣል። መውጫ መንገዱ ሦስት ቢሆንም፣ ለብዙ ዘመን በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ አንድ ነበር። ይህን ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። በኖቬምበር 2012 የሶርያ ኢንተርኔት ሲጠፋ፣ የዓለምን አዋጆች ይከታተል የነበረው ሬኔሲስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ አገሮችን ከውጭው ዓለም ጋር በቀጥታ በሚገናኙ ኩባንያዎቻቸው ብዛት መድቦ ነበር። ከ40 በላይ ያላቸው 32 አገሮች በቀላሉ የማይዘጉ ተባሉ። አንድ ወይም ሁለት ብቻ ያላቸው 61 አገሮች ደግሞ ከባድ አደጋ ላይ ናቸው ተባለ፤ ከእነዚህ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። "አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም" ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ግን በአንዱ ዓይናችን ስንጫወት ኖረናል።

በአንድ በር ላይ መቆም ለገዢ ምን ያህል እንደሚመች የዚህ ዓይነት ድረ ገጾች አንባቢ ያውቀዋል። ከሜይ 2006 ጀምሮ የብዙ ዲያስፖራ ድረ ገጾች አድራሻ በሩ ላይ እየተለየ ሲታገድ ኖሯል፤ መንግሥት 264 ድረ ገጾችን መልቀቁን ያስታወቀው ጁን 2018 ነው። ማጣሪያ አንድ ቦታ ተክሎ የአገር ንባብ መቆጣጠር የሚቻለው ሁሉም በዚያች በር የሚያልፍ ከሆነ ነው።

እዚህ ላይ ግን ለራሴ ክርክር የሚከብደኝን ነገር ልደብቅ አልፈልግም። አንደኛ፣ በር ማብዛት ብቻውን አይበቃም። ግብፅ በጃንዋሪ 2011 በርካታ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ነበሯት። ጃንዋሪ 27 ሌሊት ግን ኩባንያዎቹ በደቂቃዎች ልዩነት፣ አንዱ ከሌላው ተከትሎ፣ አዋጃቸውን ሻሩ፤ 3,500 ያህል መንገዶች ከዓለም መዝገብ ተፋቁ። ቮዳፎን በኋላ እንዳስረዳው፣ መንግሥት ለማዘዝ በሕግ ሥልጣን ነበረው፤ ኩባንያዎቹም መታዘዝ ነበረባቸው። በሮቹ ብዙ ናቸው፤ ቁልፉ ግን አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር።

ሁለተኛ፣ መዝጋት ሁልጊዜ አዋጅን በመሻር አይደለም። ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ትግራይ ለሁለት ዓመት ያህል ከኢንተርኔት ስትቆረጥ፣ ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲዘጋ፣ 24757 ለዓለም "አለሁ" እያለ ያውጅ ነበር፤ አዲስ አበባ ይሠራል። የውጭ በር ክፍት ነው፤ ጓዳው ተቆልፏል። ከአሽበርን ሆኖ የቁጥሮቹን ሰንሰለት ብቻ ለሚያይ ሰው ባሕር ዳርም መቀሌም የታወቁበት መንገድ የለም። በአንድ ራስ ገዝ ውስጥ የሚሆነውን ውጭ ያለ ጎረቤት አያየውምና።

ታዲያ በር ማብዛት ምን ዋጋ አለው? በእኔ እምነት ትልቅ ዋጋ አለው። አንድ በር ባለበት አገር ለመዝጋት አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃል፤ ትእዛዙን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አርባ በር ባለበት ግን አርባ ጊዜ መደወል ያስፈልጋል፤ አንዱ በጽሑፍ ስጡኝ ይላል፣ አንዱ ጠበቃዬን ላማክር ይላል፣ አንዱ ይዘገያል፣ አንዱ ሚስጥሩን ያወጣል። በግብፅም ቢሆን የገበያው አክሲዮን ልውውጥ የሚጠቀምበት ኑር የተባለው ኔትወርክ እስከ ጃንዋሪ 31 ሳይዘጋ ቆይቷል። እነዚያ ቀናት ለብዙ ሰው መተንፈሻ ነበሩ። የበር ብዛት ገዢን አያስቆምም፤ ያዘገየዋል፤ ድምፅም እንዳያጠፋ ያደርገዋል። ሕግ ደግሞ የሚሠራው ለመሟገቻ ጊዜ ሲኖር ነው።

ምን እንጠይቅ?

"ኢንተርኔት ይከፈት" ከማለት አልፈን ቁርጥ ያለ ጥያቄ ማቅረብ እንችላለን።

አንደኛ፦ ከውጭው ዓለም ጋር በራሳቸው ቁጥርና በራሳቸው ውል የሚገናኙ ድርጅቶች ይብዙ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2021 ፈቃድ አግኝቶ በኦክቶበር 2022 የራሱን ቁጥር ይዞ በይፋ ሥራ መጀመሩ አንድ እርምጃ ነው፤ ከአንድ ወደ ሁለት ግን በሬኔሲስ ሚዛን ያው ከባድ አደጋ ላይ መሆን ነው። የመንግሥት መሪዎች የቴሌ ትርፍ ለባቡር መንገድ ይውላል ሲሉን ኖረዋል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ድሃ አገር ገንዘብ ያስፈልገዋል። ነገር ግን በወረፋ የቆመውን ነጋዴ፣ የተቋረጠውን ባንክ፣ ሐኪሙን ማግኘት ያቃተውን በሽተኛ በሂሳቡ ውስጥ ያስገባልን የለም።

ሁለተኛ፦ የአገር ውስጥ ኔትወርኮች እርስ በርስ የሚቀባበሉበት፣ ከአንድ ድርጅት ቁጥጥር ውጭ የሆነ፣ ሁሉም እኩል የሚገባበት መገናኛ ዋነኛ ጉዳይ ይሁን። ዩኒቨርሲቲዎቻችንና ባንኮቻችን የራሳቸውን ቁጥርና አድራሻ ይያዙ። ቁጥር ያለው ጎረቤት መምረጥ ይችላል፤ ቁጥር የሌለው ሁልጊዜ ጭሰኛ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፦ የፈቃድ ሕጉ። የመዝጋት ትእዛዝ በጽሑፍ ይሁን፤ ፍርድ ቤት ይየው፤ ቦታውና የሚያበቃበት ቀን ይገለጽ፤ በሕዝብ ፊት ይነገር። ጓዳው ሲቆለፍ ከውጭ ማየት አይቻልም ያልኩት ለዚህ ነው። ያንን የሚያጋልጠው ራውተር ሳይሆን ሕግ ነው።

ሳተላይት ያድነናል የሚሉ ወገኖች አሉ። ስታርሊንክም ቁጥሩ 14593 የሆነ ራስ ገዝ ነው። እሽጉ መሬት መንካቱ፣ ሳህኑ በጉምሩክ ማለፉ፣ ኩባንያው ፈቃድ መጠየቁ አይቀርም። ከሰማይም ቢመጣ በፈቃድ ሰጪው ደጅ ያልፋል።

ባለፈው ሰሞን አሌክሳንድሪያ ጋሼ ቤት ሄጄ ይህንኑ ሁሉ አጫወትኳቸው። ቡናቸውን እየጠጡ በጸጥታ ሰሙኝና፣ "እንግዲያው ልጄ፣ ማጥፊያው ሽቦው ላይ አይደለማ" አሉኝ። "ታክሲ ስነዳም እንደዚሁ ነበር። መኪናው የራሴ ነው፣ ቤንዚኑ የራሴ ነው፣ ጉልበቱ የራሴ ነው። የሚያቆመኝ ግን ሞተሩ ሳይሆን ፈቃዱን የሰጠኝ ሰው ነበር። ልዩነቱ እዚህ አገር ፈቃዴን ቢነጥቁኝ የምከስበት ዳኛ መኖሩ ነው።"

ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ የለኝም። ኢንተርኔት ያለ አዛዥ፣ በውልና በጉርብትና ብቻ፣ ይኸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆሟል። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለው የአባቶቻችን ተረት የሚሠራው ግን ድሩ ብዙ ክር ሲኖረው ነው። በአንድ ክር አንበሳ አይታሰርም።

ቸር ይግጠመን።